የሰው መረጃ አማና ነው

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለአንባቢ እንዲመች ተስተካክሎ የታተመ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች! አማና ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ገንዘብ ነው። ጎረቤት አደራ ብሎ ያስቀመጠው ወርቅ፣ የዕቁብ ብር፣ የየቲም ንብረት ይታወሰናል። ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን በዘመናችን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ ከወርቅ ባልተናነሰ የሚፈለግ፣ አንዴ ከወጣ ግን እንደ ወርቅ ተፈልጎ የማይመለስ ሌላ አደራ አለ። እርሱም የሰው መረጃ ነው፤ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ መታወቂያው፣ ፎቶግራፉ፣ የጣት አሻራው፣ ዕዳው፣ የት ውሎ የት እንዳደረ ጭምር። በአላህ ፈቃድ ዛሬ የምንነጋገረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ይህ ነገር የኮምፒዩተር ባለሙያዎችንና የሕግ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። እንዳልሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሾላ ገበያ ይበቃናል።

የአንድ ቀን ገበያ

ሾላ ገበያን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በርበሬውና ቅመማ ቅመሙ፣ ቅቤውና እህሉ፣ ልብሱና የቤት ዕቃው የሚሸጥበት ሰፊ ገበያ ነው። እስቲ አንዲት እናት በዚህ ገበያና በዙሪያው ባሉ ሱቆች ውስጥ ሊያጋጥማት የሚችለውን የአንድ ቀን ውሎ እንከተል።

በመጀመሪያ ከደንበኛዋ ባለሱቅ ዘንድ ትደርሳለች። ያለፈው ወር ዱቤዋ በደብተር ላይ ተጽፏል፤ ስሟ፣ ስልኳ፣ ያለባት ብር። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ እንደተዘረጋ ስለሚውል የመጣው ሁሉ ያነበዋል። ቀጥላ በርበሬ ገዝታ በቴሌብር ትከፍላለች፤ ስሟ በሻጩ ስልክ ላይ ይቀራል። ከዚያ ለልጇ ትምህርት ቤት የመታወቂያ ቅጂ ስለተጠየቀች ፎቶ ኮፒ ቤት ትገባለች። ማሽኑ የመጀመሪያውን አደብዝዞ ስላወጣው ሌላ ይነሳላታል፤ የደበዘዘው ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ለጥገና ስትሰጥ ጠጋኙ የመክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች። በስልኩ ውስጥ ቤት ውስጥ ያለ ሒጃብ የተነሳችው የራሷና የሴት ልጆቿ ፎቶ አለ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ለልጆቿ ኦቾሎኒ ትገዛለች። ኦቾሎኒው የተጠቀለለበት ወረቀት የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ስሙንና አድራሻውን የሞላበት ፎርም ሊሆን ይችላል።

ይህች እናት በአንድ ቀን በአራት ሰዎች እጅ አማና አስቀመጠች፤ የማታውቀው ሰው አማና ደግሞ በእርሷ እጅ ገባ። አንድም ቦታ ላይ ግን "አደራ" የሚል ቃል አልተነገረም። ተቀባዮቹም አደራ እንደተቀበሉ አላሰቡም። ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ብሩን የሚቆጥር፣ ሚዛኑን የሚያስተካክል፣ ሐራም እንዳይነካው የሚጠነቀቅ ነጋዴ፣ የሰው ስምና ፎቶ በእጁ ሲገባ ግን ነገሩን ከቁም ነገር አይጥፈውም።

መዝገብ በኢስላም እንግዳ አይደለም

ከዚህ በመነሳት "እንግዲያው ፈጽሞ አለመመዝገብ ይሻላል" የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ግን ከታሪካችን ጋር አይሄድም። ቡኻሪ ከሑዘይፋ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች ስም እንዲጻፍላቸው ጠይቀው 1,500 ወንዶች ተመዝግበዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን ዲዋን የተባለውን መዝገብ አቋቁመው የሰዎችን ስምና ለእያንዳንዱ የሚከፈለውን ድርሻ በጽሑፍ አስይዘዋል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው። ይኸው አንቀጽ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል፤ ጸሐፊና ምስክርን በተመለከተም ጉዳት እንዳይደርስ ይከለክላል። ስለዚህ ሸሪዓው መዝገብን አይጠላም። መዝገብ የሰው መብት መጠበቂያ እንዲሆን፣ መዝጋቢውም ተጠያቂ እንዲሆን ይፈልጋል።

በአገራችንም አሁን ትልቅ መዝገብ ተከፍቷል። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጥቶ "ፋይዳ" በሚል ስም የምናውቀው መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። አንድ ሰው ለፋይዳ ሲመዘገብ ስሙ፣ የትውልድ ቀኑ፣ ጾታውና አድራሻው ይያዛል። የፊቱ ፎቶ፣ የአሥር ጣቶቹ አሻራና የሁለት ዓይኖቹ ብሌን ምስል ይወሰዳል። ባለ 12 አሐዝ ልዩ ቁጥርም ይሰጠዋል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ይጻፍ የነበረው ብሔር በፋይዳ ምዝገባ አይጠየቅም፤ ሃይማኖትም አይጠየቅም። ለጉዳዩ የማያስፈልገውን አለመጠየቅ መልካም አሠራር ነውና ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

ጥቅሙም ግልጽ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ይጠየቃል። ቀድሞ ማንነቷን የምታስረዳበት ወረቀት አጥታ ከባንክ በር የምትመለስ ምስኪን፣ ዛሬ በጣቷ አሻራ ማንነቷን ማስረዳት ትችላለች። በሌላ ሰው ስም መነገድና ማጭበርበርም ይከብዳል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ በትልቁ ልክ አደራውም ይከብዳል። የሚስጥር ቁጥራችን ቢታወቅብን እንቀይረዋለን፤ ስልካችን ቢሰረቅ ሌላ ሲም እናወጣለን። የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ግን አላህ (ሱ.ወ.) አንዴ የሰጠን ነው፤ ቢወጣብን ምትክ የለውም። ለዚህም ነው ከመታወቂያው አዋጅ ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው። አዋጁ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ምን ማድረግ እንዳለበትና ባለመረጃው ምን መብት እንዳለው ይደነግጋል። አፈጻጸሙን እንዲከታተልና አቤቱታ እንዲቀበል ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች! ይህን አዋጅ ከዲናችን ትምህርት አጠገብ አስቀምጠን ስናየው ሦስት የምናውቃቸውን ነገሮች እናገኛለን። እነርሱም ፈቃድ መጠየቅ፣ አማናን መጠበቅና የሰውን ነውር መሸፈን ናቸው።

አንደኛ፦ ፈቃድ

በሱረቱ-ኑር 27ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አማኞችን ከቤታቸው ውጭ ወደሆነ ቤት ሳያስፈቅዱና በቤቱ ሰዎች ላይ ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ይከለክላል። በዚያው ሱራ 58ኛው አንቀጽ ደግሞ ሕፃናትና አገልጋዮች እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰው ልብሱን አውልቆ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ያዛል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ቀዳዳ አጮልቆ ሲመለከት አገኙት፤ በብርቱም ቆጡት። ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት እንደሆነም ነገሩት። ልብ በሉ፤ ሰውየው እግሩን ወደ ቤት አላስገባም፤ ያስገባው ዓይኑን ብቻ ነው። የዛሬ ዘመን የቤት ቀዳዳ ስልክ ነው። የሰውን ስልክ ከፍቶ መልእክቱን የሚያነብ፣ ፎቶውን የሚያገላብጥ፣ እግሩ ከደጅ ቢሆንም ከቤት ገብቷል።

አዋጁም በበኩሉ የሰው መረጃ በባለቤቱ ፈቃድ ወይም በሌላ ሕጋዊ ምክንያት እንጂ እንዲሁ እንዳይሰበሰብ ይላል። ከዚህም አልፎ መረጃው ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይም እንዳይሰበሰብ ያዛል። ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙዎቻችን የምንሰናከልበት ነው። አንዲት እህት ለሸቀጥ ክፍያ ብር ስታስተላልፍ ስሟን ያየ፣ ወይም ዕቃ እንዲደርሳት ብላ ስልኳን የሰጠችው ሰው፣ ማታ ላይ "እንዴት አመሸሽ?" እያለ መልእክት ቢልክላት፣ ስልኩን በፈቃዷ ማግኘቱ ምክንያት አይሆነውም። የፈቀደችለት ለዕቃው ነው። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላ ጉዳይ አይሠራም፤ ሳሎን እንድትገባ የተፈቀደልህ እንግዳ መኝታ ቤት እንደማትገባ ሁሉ።

በዓለም ዙሪያ ሙስሊሞችን ያስደነገጠ አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ብናነሳ ነገሩ ይብራራል። ሙስሊም ፕሮ የተባለው የስልክ ፕሮግራም የሰላት ወቅትና የቂብላ አቅጣጫ የሚያሳይ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞች የጫኑት ነው። የሰላት ወቅትን ለማስላት ሰውየው ያለበትን ቦታ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ተጠቃሚዎች ይህንን ፈቅደዋል። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ድረ-ገጽ እንዳጋለጠው ግን፣ ያ የቦታ መረጃ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ነጋዴ ድርጅት ይደርስ ነበር። ከኤክስ-ሞድ ደንበኞች መካከል ደግሞ ከአሜሪካ ጦር ጋር የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ነበሩ። ነገሩ በወጣ ጊዜ የሙስሊም ፕሮ ባለቤቶች ከኤክስ-ሞድ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የኤክስ-ሞድ ተተኪ የሆነውን ድርጅት ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎችን የሚያሳይ መረጃ እንዳይሸጥ የሚከለክል ውሳኔ አስተላልፏል። የአምልኮ ቦታዎችም ከእነዚህ ቦታዎች መካከል ይቆጠራሉ።

እንግዲህ ለሰላት ብሎ የሰጠው መረጃ ወደ ገበያ ወጣ። ሰዎቹ "ፈቅደዋል" ቢባል እንኳ የፈቀዱት ለሰላት ነው። የእኛም አዋጅ የሃይማኖት እምነትን፣ የጤና ሁኔታንና የጣት አሻራን የመሰሉ መረጃዎችን ልዩ ጥበቃ የሚሹ ብሎ ለይቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ስልካችን ላይ ስንጭን "ፍቀድ" የሚለውን ሁሉ ዝም ብለን አንጫን። የሰላት ወቅት ለሚነግረን ፕሮግራም ከተማችንን በእጃችን መርጠን መስጠት በብዙዎቹ ላይ ይቻላል። የስልክ ማውጫችንንና ፎቶዎቻችንን የሚጠይቅ የቂብላ ፕሮግራም ካጋጠመን ደግሞ ቂብላ ለማሳየት ይህ ለምን እንዳስፈለገው እንጠይቅ።

ሁለተኛ፦ አማና

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናዎችን ለባለቤቶቻቸው እንድናደርስ ያዘናል። በሲራ እንደምናውቀው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ የቁረይሽ ሰዎች አደራ ያስቀመጡት ንብረት በእጃቸው ነበር። ሊገድሏቸው የተማከሩት ሰዎች ወገኖች ንብረት ስለሆነ ይዘውት አልሄዱም፤ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደኋላ ትተው ለየባለቤቱ እንዲመልስ አደረጉ። አማና የሚጠበቀው ለወዳጅ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ደንበኛ፣ ለተጣላነውም ለታረቅነውም ነው።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ አንድ ሰው ወሬ እየነገረን ዞር ዞር ብሎ ከተመለከተ ያ ወሬ አማና እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። "አደራ" የሚል ቃል አልጠበቁም፤ ዞር ብሎ ማየቱ በቂ ነው። ታዲያ ስልኳን ለጥገና ስትሰጥ ዓይኖቿ የሚሳቀቁ እህት ከዚህ የበለጠ ምን ትበል?

ስልክ ጠጋኝ ወንድሞቻችንን በተለይ ልናሳስብ እንወዳለን። ሥራችሁ ሐላል ነው፤ ሪዝቃችሁም ኢንሻአላህ የተባረከ ነው። በእጃችሁ የሚገባው ግን የብረትና የመስታወት ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ እወቁ። የሰው ክብር ገብቷል። መስታወት ለመቀየር ፎቶ መክፈት አያስፈልግም። ከተጠጋኝ ስልክ ላይ የወጣ የአንዲት ልጅ ፎቶ ትዳሯን ሊያፈርስ፣ ከቤተሰቦቿ ሊያጣላት፣ ለአስፈራሪ ሊዳርጋት ይችላል። ይህን የሠራ ሰው ከሰረቀ ሰው በምን ይሻላል? የተሰረቀ ብር እንኳ ይመለሳል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ። የደበዘዘ የመታወቂያ ቅጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ተቀዶ ወይም ተቃጥሎ ይወገድ። በኮምፒዩተራችሁ ላይ ሰው ሊያሳትም የላከው መታወቂያና ፓስፖርት ከታተመ በኋላ ይጥፋ። አዋጁም መረጃ የተሰበሰበበት ጉዳይ ሲያበቃ ያለምክንያት ተይዞ እንዳይቆይ ያዛል። የመረጃ ጥሰት ያጋጠመው ድርጅትም ነገሩን ካወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሱቅና ሱቅ ዘበኛ ቁጥጥር ባይደርስ እንኳ አላህ (ሱ.ወ.) ያያል፤ ለሙእሚን ከዚህ የበለጠ ተቆጣጣሪ የለም።

እኛም ባለመረጃዎቹ በራሳችን አማና ላይ ቸልተኞች ነን። የሚስጥር ቁጥራችንን ለልጅ፣ ለሠራተኛ፣ ለገንዘብ ወኪል እንነግራለን። በስልክ የመጣልንን ማረጋገጫ ኮድ "ከባንክ ነው የምንደውለው" ላለን ሰው ሁሉ አንብበን እንሰጣለን። ባንክም ሆነ ቴሌ ይህን ኮድ ደውሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፤ የሚጠይቅ ሰው ካለ አጭበርባሪ ነው። የፋይዳ ካርድ ለማሳተም ብለን ቁጥራችንንና ኮዳችንን ለማናውቀው ሰው በቴሌግራም መላክም የቤትን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው። በራሳችን መታወቂያ ሲም አውጥተን ለሌላ መስጠት ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። በዚያ ሲም ወንጀል ቢሠራ የሚፈለገው ስማችን ነው፤ "ባለቤቱ እኔ ነኝ" ብለን የፈረምነውም እውነት ያልሆነ ምስክርነት ነው።

ሦስተኛ፦ መሸፈን

ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የሙስሊም ወንድሙን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በዱንያም በአኺራም ነውሩን እንደሚሸፍንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አንቀጽ መጥፎ ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን በአንድ ላይ ይከለክላል። ሦስቱ የተያያዙ ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ስለላ፣ ስለላው ወደ ሐሜት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ከነጋዴዎቻችን የሚነሳ ትክክለኛ ጥያቄ አለ። "ዱቤ ወስዶ የጠፋውን ሰው ፎቶ ብንለጥፍ፣ በቴሌግራም ብናሰራጭ ምን አለበት? ገንዘባችንን በላ እኮ!" ይላሉ። ነጋዴው ተበድሏልና ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ረገድ አገር ሙሉ የተነጋገረበት ምሳሌም አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ብልሽት ተከስቶ በአንድ ሌሊት ብዙ ደንበኞች የእነርሱ ያልሆነ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ መለሱ። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ለጠፈ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ የወጣው በዚያው ዓመት መሆኑ ይገርማል።

ሁለቱንም ወገን በፍትሕ እንመልከት። የእርሱ እንዳልሆነ እያወቀ ገንዘብ የወሰደ ሰው ሐራም በልቷል፤ "ማሽኑ ሰጠኝ" የሚለው ምክንያት አላህ ዘንድ አይሠራም፤ ሊመልስ ግዴታው ነው። በሌላ በኩል የሰውን ፎቶ ከመዝገብ አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ያን ፎቶ ደንበኛው ለባንኩ የሰጠው ሒሳብ ለመክፈት ነበር። ከተለጠፉት መካከል አንድ እንኳ በስህተት የገባ ቢኖር ክብሩን ማን ይመልስለታል? የእናቱ፣ የልጆቹ አንገት መድፋትስ በማን ላይ ይቆጠራል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈል እየቻለ የሚያጓትት ባለዕዳ ክብሩና ቅጣቱ እንደሚፈቀድ መናገራቸውን አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበዋል። ዑለማዎቹ ግን ይህን በልኩ አብራርተውታል። ሱፍያን እንዳሉት የክብሩ መፈቀድ ባለገንዘቡ "አጓተተኝ" ብሎ መናገሩ ነው፤ ቅጣቱ ደግሞ እስራት ነው። እስራት የዳኛ ሥራ ነው እንጂ የባለሱቅ አይደለም። መክፈል ያልቻለውን በተመለከተ ደግሞ የሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ መስጠትን ያዛል፤ መማር ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ያመለክታል። ስለዚህ ነጋዴው በሽማግሌ ወይም በመደበኛ ፍርድ ቤት መብቱን ይጠይቅ፤ ለሚመለከተው ስሙን ይናገር። ለሺህ ሰው የሚላክ ፎቶ ግን ዕዳው ቢከፈልም አይመለስም። ዛሬ ከፍሎ ነጻ የሆነ ሰው ፎቶው ከዓመታት በኋላም "ሌባ" እየተባለ ይዞራል። ያን ጊዜ ባለዕዳው ማን ሊሆን ነው?

የመንግሥትና የተቋማት ኃላፊነት

እስካሁን ስለ ራሳችን ተናገርን። ትልቁን መዝገብ የያዙት ግን መንግሥት፣ ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶችና ሆስፒታሎች ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ ለማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት ሰጥቷል፤ ደብዳቤውና በስልክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት በሕግ ከተፈቀደው ውጭ እንዳይደፈርም ደንግጓል። አቡ ዳውድ ከሙዓዊያ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰዎችን ነውር መከታተል ሰዎቹን እንደሚያበላሽ አስጠንቅቀዋል። ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) በኋላ ገዥ የሆኑ ሰው ናቸው። በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ሕዝብ መደበቅን ይለምዳል፤ መደበቅ የለመደ ሕዝብ ደግሞ ለመንግሥቱም ለጎረቤቱም እውነት መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ መዝገብ የያዘ አካል የሚታመነው መዝገቡን ለተፈቀደለት ጉዳይ ብቻ ሲያውል ነው።

እኛም መብታችንን እንወቅ። በአዋጁ መሠረት አንድ ሰው ስለራሱ ምን መረጃ እንደተያዘ የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ የማሳረም፣ በሕጉ በተቀመጠው ሁኔታም እንዲጠፋለት የመጠየቅ መብት አለው። ስሙ "ሙሐመድ" ሆኖ ሳለ "መሐመድ" ወይም "ሞሐመድ" ተብሎ በሦስት መዝገብ በሦስት ዓይነት የተጻፈበት ወንድማችን ባንክ ሄዶ ሲንገላታ አይተናል። ማሳረም መብቱ ነው እንጂ ልመና አይደለም። ለፋይዳ የምትመዘገብ እህትም ሴት መዝጋቢ እንድትመዘግባት በአክብሮት ብትጠይቅ ነውር የለበትም።

በቤታችንና በመስጂዳችን

የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም የሰው መረጃ ይይዛሉ። የዘካ ተቀባዮች ስም፣ የየቲሞች ዝርዝር፣ ለሐጅና ዑምራ የሚሄዱ ሰዎች ፓስፖርት፣ የኒካሕ ሰነድ በእጃቸው ነው። ዘካ የተቀበለች እናት ፎቶ እርዳታውን ለማስታወቅ ተብሎ በፌስቡክ ሲለጠፍ እናያለን። ሱረቱል በቀራ በ264ኛው አንቀጽ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸትን ይከልክላል። ችግረኛዋ ዱቄቱን የተቀበለችው በርሃብ ምክንያት ነው፤ ፊቷን ለማሳየት አልፈቀደችም። እርዳታው መድረሱን ማሳየት ካስፈለገ ጆንያውን ማሳየት ይበቃል።

በቤታችንስ? አነስ (ረ.ዐ.) ልጅ ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዳይ ላኳቸው። ዘግይተው ወደ ቤት ሲመለሱ እናታቸው ኡሙ ሱለይም ምን እንዳቆያቸው ጠየቋቸው። አነስ ሚስጥር እንደሆነ ነገሯቸው። እናቲቱም አልተቆጡም፤ የአላህን መልእክተኛ ሚስጥር ለማንም እንዳይናገሩ አደራ አሏቸው። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ሚስጥር ጠባቂነት ከእናት ጉልበት ሥር የሚማሩት መሆኑን ከዚህ እናያለን። ዛሬ ልጆቻችን ስልክ ይዘዋል። የእህታቸውን ፎቶ ለጓደኛ እንዳይልኩ፣ የቤተሰብን ጠብ በቲክቶክ እንዳይናገሩ፣ የአባታቸውን የሚስጥር ቁጥር እንዳይገልጹ ማስተማር ያለብን እኛ ነን። እኛ ራሳችን የልጆቻችንን ገበና እየለጠፍን ግን ትምህርቱ አይይዝም።

በመጨረሻም ከዛሬ ጀምሮ ልንተገብራቸው የምንችላቸውን እናስታውስ። ባለሱቆች የዱቤ ደብተራችሁን ዝጉ፤ ለባለዕዳው የራሱን ገጽ ብቻ አሳዩ። ስም የተጻፈበትን ወረቀት ለመጠቅለያ አትሽጡ፤ አትግዙም። ስልክ ለጥገና ስንሰጥ ከተቻለ ፎቶዎቻችንን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረን ከስልኩ እናጥፋ፤ ካልተቻለም ቁጭ ብለን እናስጠግን። የመታወቂያ ቅጂ ስንሰጥ ለምን ጉዳይ እንደሰጠን በቅጂው ላይ እንጻፍበት። የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አንንገር። ያለፈቃድ የደረሰንን የሰው ፎቶ ወይም መረጃ ለሌላ አናስተላልፍ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ይቁም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የኮምፒዩተር ዕውቀት አይጠይቅም። የሾላ ገበያ ነጋዴ ሚዛኑን ለማስተካከል ተቆጣጣሪ እስኪመጣ እንደማይጠብቅ ሁሉ፣ የሰውን ስምና ክብር ለመጠበቅም ሕጉ ሱቁ ድረስ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ሕጉ መምጣቱ መልካም ነው፤ አማናው ግን ከእርሱ በፊትም ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን። ነውራችንን ይሸፍንልን፤ የሰውን ነውር ከመግለጥም ይጠብቀን። ለአገራችን ሰላምን፣ ለመሪዎቿ ፍትሕን ይለግስ። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።